ዕድር ለኑሮም ይድረስ
(በሠፈራችን ዕድር ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ኑሮ መወደዱን ልነግራችሁ አልቆምኩም፤ ገበያ የምትወጡት እናንተው ናችሁ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የብርን ምንዛሪ ለገበያ ከለቀቀ ወዲህ ዘይቱም ሳሙናውም አልቀመስ ብሏል። ያንን እኛ አንመልሰውም። በእጃችን ያለውን ግን እንይ።

አንደኛ፣ ምድጃችን። በሦስት ጉልቻ እንጀራ መጋገር ብር ማንደድ ነው። ከሲሚንቶና ከአሸዋ የሚሠራው «ምርጥ» ምድጃ ማገዶውን እስከ ግማሽ ይቀንሳል። እንደ ጣራ ገዳም ያለው ደናችንም ይተርፋል።

ሁለተኛ፣ ጓሮአችን። አገራችን ደጋ ነው፤ ድንችና ጎመን ይስማማዋል። የሚበላውን ድንች ጨለማ ውስጥ እናስቀምጥ፤ ብርሃን መትቶት አረንጓዴ የሆነው አይበላም።

ሦስተኛው፣ ዋናው፣ እህል ነው። ባለፈው ክረምት ጤፍ በኪሎ ስሸምት «ምነው በጥር በኩንታል በገዛሁት!» አልኩ። ግን በጥር ብሩ ባንድ ላይ ከየት ይምጣ? የብዙዎቻችን ችግር ይኸው ነው። ስለዚህ እንደ ዕቁብ ከዛሬ ጀምረን በየሳምንቱ እንጣል፤ አዝመራው ሲገባ ጤፉንና የፎገራን ሩዝ ባንድ መኪና አስጭነን እንከፋፈል። ሩዝ ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎ ሲጋገር ጥሩ እንጀራ እንደሚወጣው ፎገሬዎችን ጠይቁ።

ዕድራችን ስንሞት ይደርስልናል፤ ቆመንም ይድረስልን። የተስማማችሁ ለጸሐፊው ተመዝገቡ።