ለጨዋታ የሚሆን ፕሮሰሰር በምን ይመዘናል?

(በተማሪዎች ማኅበር የዓርብ ምሽት ውይይት ላይ የተደረገ ንግግር)



የንግግሬን አርእስት የሰሙ አንድ መምህራችን «ስለ ጨዋታ ደግሞ ምን ንግግር ያስፈልጋል?» ብለው ሳቁብኝ። እኔም ከአክብሮት ጋራ የምመልሰው ይህን ነው፤ ኮምፒዩተር ከሚሠራቸው ሥራዎች መካከል እንደ ጨዋታ በቀጠሮ የተያዘ ጥቂት ነው። ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው ማሽኑ ግማሽ ሰኮንድ ቢዘገይበት ልብ አይለውም። በጨዋታ ጊዜ ግን በሰኮንድ 60 ሥዕል ለማሳየት የተነሣ ማሽን ለአንዱ ሥዕል ያለው ጊዜ 16.7 ሚሊሰኮንድ ብቻ ነው፤ 144 ሥዕል ይታይ ከተባለ ደግሞ ጊዜው ወደ 7 ሚሊሰኮንድ ይወርዳል። ከዚያ ካሳለፈ ዐይን ያየዋል፤ እጅም ያውቀዋል።

ነገሩን ያነሣሁት ግን ለመምህራችን መልስ ለመስጠት ብቻ አይደለም፤ ዕዳ ስላለብኝ ነው። ባለፈው ዓመት አብሮኝ የሚያድረው ጓደኛዬ ሁለት መንፈቅ ሙሉ የሰፈር ልጆች እያስጠና ያጠራቀመውን ገንዘብ ይዞ «አንተ ታውቃለህና ምረጥልኝ» አለኝ። እኔም አውቃለሁ ብዬ ተከትዬው ሄድሁ። ያገለገሉ ኮምፒዩተሮች ከሚሸጡበት አንድ ሱቅ ገብተን ባለሱቁ «ይኸኛው ኮር አይ7 ነው፤ ያኛው አይ3 ነው» ሲለን፣ ሰባት ከሦስት ይበልጣል ብዬ ሒሳቡን በዚያው ጨረስሁት። ማታ ቤት ገብተን የእግር ኳሱን ጨዋታ ስንከፍት ተጫዋቹ እግሩን አንሥቶ ኳሷን ሳይመታ ቆሞ ይቀራል፤ ሌላው ጨዋታ ደግሞ ከነጭራሹ አልነሣም አለ። ጓደኛዬ አንድ ቃል አልተናገረኝም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ባለሱቁ አልዋሸንም፤ የሸጠልን በእርግጥ ኮር አይ7 ነበር። መጠየቅ የሚገባኝን ያልጠየቅሁ እኔ ነኝ።

የገዛነው ኮር አይ7-2600 በ2011 የወጣ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እናገራለሁ)። የተውነው ኮር አይ3-12100 በ2022 የወጣ ነው። ሁለቱም 4 ኮር አላቸው፤ ሁለቱም 8 የሥራ መስመር በአንድ ጊዜ ይይዛሉ። የፍጥነታቸው ጣሪያ የአንዱ 3.8፣ የሌላው 4.3 ጊጋኸርዝ ነው። በወረቀት ላይ ሲያዩአቸው ወንድማማች ይመስላሉ፤ በሥራ ላይ ግን አይ3 የተባለው አይ7ን ጥሎት ይሄዳል። ጊጋኸርዝ የሚነግረን ፕሮሰሰሩ በሰኮንድ ስንት ጊዜ እንደሚመታ እንጂ በአንዱ ምት ምን ያህል ሥራ እንደሚሠራ አይደለም። ሁለት ኩሊዎች እኩል ቢራመዱ፣ ነገር ግን አንዱ ኩንታል ሌላው ግማሽ ኩንታል ቢሸከሙ፣ እርምጃቸውን ብቻ የቆጠረ ሰው ምን ያውቃል? ያ አልነሣም ያለው ጨዋታ ደግሞ ኤቪኤክስ2 የሚባሉትን ትእዛዞች የሚጠይቅ ነበር፤ እነዚህ ወደ ኢንቴል ፕሮሰሰሮች የገቡት በ2013 በመሆኑ የኛው አይ7 ስማቸውንም አይሰማ። ስለዚህ ከአይ7 ወይም ከአይ3 በኋላ ያለው ቍጥር ይነበብ። 2600 ሲል ሁለተኛ ትውልድ፣ 12100 ሲል ዐሥራ ሁለተኛ ትውልድ ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። በጨዋታ ውስጥ ሥዕሉን የሚሥለው ግራፊክስ ካርዱ ነው። ፕሮሰሰሩ ደግሞ ማን የት እንደ ቆመ፣ ኳሷ በየት እንደምትወርድ፣ ባላጋራው ምን እንደሚያስብ አስልቶ ለካርዱ «ይህን ሣል» ብሎ ያዛል። ይህን ሲያደርግ የሚፈልገው መረጃ በራም ውስጥ እዚህም እዚያም ተበትኗል። ራም ደግሞ ለፕሮሰሰር ሩቅ አገር ነው። በቤተ መጻሕፍታችን ከጠረጴዛችሁ ላይ ያለን መጽሐፍ መግለጥና ወረቀት ሞልቶ፣ ተራ ጠብቆ ከመጋዘን ማስመጣት አንድ እንዳልሆኑ ሁሉ፣ ከራም አንድ መረጃ እስኪመጣ ድረስ ፕሮሰሰሩ በመቶ የሚቆጠር ምት ሥራ ፈትቶ ሊጠብቅ ይችላል። ጠረጴዛው ካሽ የተባለው ማኅደር ነው። ጠረጴዛው ሰፊ ከሆነ ወደ መጋዘን መላክ ይቀንሳል።

ለዚህ ከሁሉ የሚያምር ማስረጃ የሆነኝ ኤ.ኤም.ዲ. ሳያስበው ያደረገልን ፈተና ነው እላለሁ። ራይዘን 7 5800ኤክስ 8 ኮር፣ 4.7 ጊጋኸርዝና 32 ሜጋባይት ሦስተኛ ደረጃ ካሽ ነበረው። በኤፕሪል 2022 የወጣው 5800ኤክስ3ዲ የዚያው ዐይነት 8 ኮር ኖሮት በላዩ ሌላ የካሽ ንጣፍ ተደረበበትና ካሹ 96 ሜጋባይት ሆነ። ሙቀቱ ስለሚከብደው ፍጥነቱ ወደ 4.5 ዝቅ ተደረገ። እንግዲህ የዘገየው ፕሮሰሰር በብዙ ጨዋታ ፈጣኑን በለጠው! ቪዲዮ በማቀናበርና በመሳሰለው ሥራ ግን ጥቅም አላገኘም፤ እንዲያውም ጥቂት ወደ ኋላ ቀረ። በጨዋታዎቹም መካከል ቢሆን ልዩነቱ አንድ ዐይነት አይደለም። መረጃቸው በትንሹ ጠረጴዛ የሚበቃቸው እምብዛም አይጠቀሙም፤ እንደ ፋክቶሪዮ ያለ እልፍ አእላፍ ዕቃ በአንድ ጊዜ የሚያንቀሳቅስ ጨዋታ ግን እጅግ ይጠቀማል።

ኮር መብዛቱስ? በዚህ ብዙ ጓደኞቼ አይስማሙኝም። በ2023 የወጣው የኢንቴል ኮር አይ9-14900ኬ 24 ኮር አለው፤ 8ቱ ትልልቆች፣ 16ቱ ትንንሾች ናቸው። ፍጥነቱ እስከ 6 ጊጋኸርዝ ይደርሳል፤ ሲወጣ ዋጋው 589 ዶላር ነበር፤ እስከ 253 ዋት ኀይልም ይወስዳል። በዚያው ዓመት የወጣው ራይዘን 7 7800ኤክስ3ዲ 8 ኮርና 5 ጊጋኸርዝ ብቻ ኖሮት፣ በ449 ዶላር ወጥቶ፣ በጨዋታ ከ14900ኬ ጋራ ትከሻ ለትከሻ ቆመ፤ በብዙውም ቀደመው፤ የሚበላው መብራት ግን በጣም ያነሰ ነው። በ2024 የወጣውማ የኢንቴል ኮር አልትራ 9 285ኬ በብዙ ጨዋታ ከራሱ ታላቅ ከ14900ኬ ኋላ ቀርቶ ታየ። ጂን አምዳል በ1967 ያስረዳው ነገር ይኸው ነው፤ ከአንድ ሥራ ግማሹ ለብዙ ሠራተኛ የማይከፋፈል ከሆነ፣ ሺህ ሠራተኛ ቢቀጠርም ሥራው ከእጥፍ በላይ አይፈጥንም። በጨዋታ ውስጥ የማይከፋፈለው ክፍል ብዙ ነው። ስድስት ወይም ስምንት ጥሩ ኮር ካለ ከዚያ በላይ ያለው አብዛኛውን ጊዜ ቆሞ ያያል። (ፕሮግራም ለሚያጠናቅሩ የምሕንድስና ጓደኞቼ ነገሩ ሌላ ነው፤ አይቈጡኝ።)

የፈተና ውጤት ስታነቡ ደግሞ ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። አንደኛው መካከለኛው ቍጥር ነው። አንድ ማሽን 99 ሥዕል እያንዳንዱን በ8 ሚሊሰኮንድ፣ አንዱን ብቻ በ80 ሚሊሰኮንድ ቢያወጣ መካከለኛው በሰኮንድ ወደ 115 ሥዕል ይሆናል። ሌላው ሁሉንም በ10 ሚሊሰኮንድ ቢያወጣ 100 ይሆናል። በቍጥር የመጀመሪያው በለጠ፤ ተጫዋቹ ግን የሚደናቀፈውን ማሽን ይጠላዋል። ስለዚህ መርማሪዎች ከመካከለኛው ጎን የዝግተኛዎቹን አንድ በመቶ ሥዕሎች ለብቻ ይጽፋሉ፤ እኔ መጀመሪያ የማነበው ያንን ነው። ሁለተኛው የሥዕሉ ጥራት ነው። ፕሮሰሰርን ከፕሮሰሰር ለመለየት የሚፈልግ መርማሪ ጥራቱን ዝቅ አድርጎ፣ በጣም ውድ የሆነውን ግራፊክስ ካርድ ይሰካል፤ አለዚያ ካርዱ ሁሉንም እኩል ያደርጋቸዋል። ይህ ለምርመራ ትክክል ነው፤ ለገዢ ግን ያሳስታል። በ4ኬ ጥራት ለሚጫወት ወይም ደካማ ካርድ ላለው ሰው ያ ሁሉ የፕሮሰሰር ልዩነት ሊጠፋ ጥቂት ይቀረዋል።

ስለዚህ የተማሪ ገንዘብ ይዞ ለሚነሣ የእኔ ፍርድ ይህ ነው። ራይዘን 5 5600ን ወይም ኮር አይ5-12400ን በመሰለ ስድስት ኮር ባለው ፕሮሰሰር ተወስኖ የተረፈውን ለግራፊክስ ካርዱ ማዋል ይሻላል። ማዘርቦርዱም ይታሰብ። የኤ.ኤም.ዲ. ኤኤም4 ቦርድ ከ2017 ጀምሮ ያለው እንኳ ሶፍትዌሩ ከታደሰለት አብዛኛውን ጊዜ 5800ኤክስ3ዲን ይቀበላል፤ የኛው የአይ7-2600 ቦርድ ግን ከሦስተኛው ትውልድ አልፎ ምንም አይቀበል። ያገለገለ 13ኛ ወይም 14ኛ ትውልድ የኢንቴል ፕሮሰሰር የሚገዛ ደግሞ አስቀድሞ ይመርምር። ብዙዎቹ ከልክ ባለፈ ቮልቴጅ ይጐዱ እንደ ነበር በ2024 ታውቆ ኢንቴል ከኦገስት ጀምሮ ማስተካከያ አውጥቷል፤ ነገር ግን ማስተካከያው አስቀድሞ የተጐዳውን አያድንም።

ያችን አሮጌ ማሽን አልሸጥናትም። ጓደኛዬ የመመረቂያ ጽሑፉን እየጻፈባት ነው፤ ለዚያ ሥራ ደኅና ናት። ለ5600ው ግማሹን ዋጋ እኔ እከፍላለሁ ብዬ ቃል ገብቻለሁ፤ የሁለት ወር ይቀረኛል። አሁን ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁኝ፤ ነገር ግን እርሱ ከኋላ ወንበር እጁን አንሥቶ አይቼዋለሁና የመጀመሪያው ተራ የእርሱ ነው።