ከፍታው የወሰደውን መመለስ
በቤት ውስጥ ስለሚሠራ ባለ አየር ገፊ አሮጌ ፒክአፕ የቀረበ ንግግር



ሱፐርቻርጀር ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው የአሜሪካ የእሽቅድምድም መኪና ነው። ይሁን እንጂ ይህ የአየር ገፊ መሣሪያ ለሚዛን ተፈሪና ለቴፒ ሰማይ እንግዳ አልነበረም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ያደረገው በሲ-47 አውሮፕላን ነበር። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ዲሲ-3 እየተባሉ የሚታወቁት አውሮፕላኖች የምዕራቡንና የደቡብ ምዕራቡን ከተሞች ሲያገለግሉ፣ ሚዛን ተፈሪና ቴፒም ከመዳረሻዎቹ መካከል ነበሩ። ሁለቱ የፕራት ኤንድ ዊትኒ ሞተሮች እያንዳንዳቸው 14 ሲሊንደርና 1,200 የፈረስ ጉልበት ሲኖራቸው፣ በሞተሩ ጥርስ የሚዞር አየር ገፊም በውስጣቸው ነበር። የሞተሩ ዋና ዘንግ አንድ ጊዜ ሲዞር የአየር ገፊው መንኮራኩር ከ7 ጊዜ በላይ ይዞር ነበር።

በአብራሪው ፊት ደግሞ ወደ ሲሊንደር የሚገባውን አየር ግፊት የሚያሳይ መለኪያ ተተክሎ ነበር። ለእያንዳንዱ ዓይነት በረራ የተወሰነ ልክ አለ፤ አብራሪው ከዚያ ልክ እንዳያልፍ ዓይኑን ከመለኪያው አይነቅልም። መሣሪያውና ልኩ አብረው መምጣታቸው ሊጤን የሚገባው ነገር ነው። ዛሬ በጋራዥና በጓሮ አሮጌ ፒክአፕ እያደሰ አየር ገፊ ሊገጥም የሚያስብ ባለ ሙያ፣ መሣሪያውን ያገኛል፤ የሚጎድለው ብዙውን ጊዜ ልኩ ነው።

በመሠረቱ ሞተር የሚሠራው በሚተነፍሰው አየር መጠን ነው። ከባሕር ወለል ከፍ ባለ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ አየር ገፊ የሌለው ሞተርም በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ያህል ያጣል። የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ ጋር ሲነጻጸር በ1,100 ሜትር ገደማ በምትገኘው በቴፒ 12 በመቶ፣ በ1,450 ሜትር ገደማ በምትገኘው በሚዛን ተፈሪ 16 በመቶ፣ በጅማ 19 በመቶ፣ በአዲስ አበባ ደግሞ 25 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ፋብሪካው በመጽሐፉ የጻፈው የፈረስ ጉልበት በባሕር ዳርቻ የተለካ ስለሆነ፣ ባለ ንብረቱ በሚዛን ዳገት ላይ ሙሉውን ሊያገኘው አይችልም።

አየር ገፊው የሚመልሰው ይህንኑ የጎደለ አየር ነው። ሩትስ የተባሉ ሁለት ወንድማማቾች በአሜሪካ በኢንዲያና ግዛት እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ፣ ጎን ለጎን በሚዞሩ ሁለት ክንፋማ ዘንጎች አየር የሚገፋ መሣሪያ ሠርተው ለማቅለጫ ምድጃ ማራገቢያ አዋሉት። ጎትሊብ ዳይምለር እ.ኤ.አ. በ1885 አየርን በግድ ወደ ሞተር የማስገባትን ሐሳብ በፈጠራ መብት አስመዘገበ። ስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ቡኺ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1905 በጭስ ኃይል ለሚዞረው፣ ዛሬ ቱርቦ ለምንለው መሣሪያ መብት አገኘ። ሱፐርቻርጀር በችንጋ ወይም በጥርስ ከሞተሩ ጋር ስለሚዞር ጉልበቱን ከራሱ ከሞተሩ ይበደራል፤ ቱርቦ ግን ወደ ውጭ የሚጣለውን ጭስ ይጠቀማል።

ይህን መሣሪያ ወደ ቤት ጓሮ ያወረዱት አሜሪካውያን ወጣቶች ናቸው። የጄኔራል ሞተርስ ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ1938 ጀምሮ ለአውቶቡስና ለጭነት መኪና የሠራቸው ባለ ሁለት ምት የናፍጣ ሞተሮች ያለ አየር ገፊ መተንፈስ አይችሉም ነበር። ከእነዚህ አንዱ 6-71 ይባላል፤ 6 ሲሊንደር፣ እያንዳንዱም 71 ኪዩቢክ ኢንች ማለት ነው። መኪኖቹ ሲጣሉ ወጣቶቹ አየር ገፊውን እየፈቱ በቤንዚን ሞተር ላይ ገጠሙት። እ.ኤ.አ. በ1955 የወጣው የሼቭሮሌት ፒክአፕ ባለ 4.3 ሊትር የቪ-8 ሞተር ሊገጠምለት ይችል ስለ ነበር፣ ለዚህ ዓይነት ሥራ ከሚወደዱት መኪኖች አንዱ ሆነ። ነገር ግን የ6-71 አየር ገፊ በአንድ ዙር 6.7 ሊትር ያህል አየር ሲገፋ፣ ያ ሞተር በአንድ ዙር የሚውጠው ቢበዛ 2.2 ሊትር ነው። መሣሪያው ከሞተሩ ቀስ ብሎ እንዲዞር ካልተደረገ ሞተሩን ያፈነዳዋል። የጓሮ ሠሪ የመጀመሪያ ስሕተትም ትልቁን መርጦ ልኩን አለመቁጠር ነው።

ወደ ቡናው ምድር ሲመጣ፣ በሚዛን ተፈሪ አንድ ባለ ጋራዥ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የተሠራ የቶዮታ ላንድክሩዘር ፒክአፕ በግቢው ቢኖረው፣ ሞተሩ 6 ሲሊንደር ያለው ባለ 4.2 ሊትር የቤንዚን ሞተር ሊሆን ይችላል። የዚህ ሞተር የመጭመቅ ልክ ከ8 ለ1 በታች ስለሆነ መጠነኛ ግፊት ይችላል። ባለ ሙያው የከፍታውን ጉድለት ለመሙላት 0.16 ባር ግፊት የሚበቃ ይመስለዋል፤ በሒሳብ ወረቀት ላይም ልክ ነው። ዳሩ ግን አየር ሲገፋ ይሞቃል። 25 ዲግሪ የነበረው አየር በ0.3 ባር ግፊት ከተራ የሩትስ መሣሪያ ሲወጣ ከ70 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል፤ የሞቀ አየር ደግሞ የሳሳ አየር ነው። ስለሆነም በሚዛን ከፍታ የጠፋውን በእውነት ለመመለስ 0.3 ባር ያህል ያስፈልጋል። የጓሮ ሥራ ልኩ ይኸው ነው፤ ከዚህ በላይ የሚጠየቀው ሁሉ ከፍታው ያልወሰደውን መጠየቅ ነው።

ቅደም ተከተሉ ከመሣሪያው ግዢ አይጀምርም። መጀመሪያ የሞተሩ ጤንነት ይመረመራል። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር አለ፤ የሲሊንደር ግፊት መለኪያው ራሱ በከፍታ ዝቅ አድርጎ ያነባል። መጽሐፉ 150 ፓውንድ ቢል፣ በሚዛን ተፈሪ ጤነኛው ሞተር የሚያሳየው 126 ገደማ ነው። ይህን የማያውቅ መካኒክ ደኅናውን ሞተር አርጅቷል ብሎ ያስፈታል፤ ወይም የባለ ንብረቱን ገንዘብ በከንቱ ያስወጣል።

ሁለተኛው የማቀዝቀዣው ነገር ነው። በ1,450 ሜትር ላይ ውሃ በ95 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ስለዚህ የራዲያተሩ ክዳን ግፊት መያዙ፣ የውሃ ፖምፓውና የቴስታታው ጓርኒሲዮን ደኅና መሆናቸው ይረጋገጣል። ሦስተኛው ነዳጅ ነው። ካርቡራቶር በሳሳ አየር ከልክ ያለፈ ቤንዚን ይሰጣል፤ አየር ገፊ ሲጨመር ግን ቤንዚኑ ያንሳል። የቤንዚን ማነስ በግፊት ላይ ሲደርስ ሞተሩ ማንኳኳት ይጀምራል፤ ማንኳኳቱ ካልታረመም ፒስተኑን ይበሳል። ከማደያ የሚቀዳው ተራ ቤንዚን ስለሆነ፣ የካንዴላው ብልጭታ በግፊት ጊዜ ዘግየት እንዲል መደረግ አለበት። ካርቡራቶሩ ከአየር ገፊው በላይ ከተገጠመ ቤንዚኑ ሲተን አየሩን ያቀዘቅዛል፤ ነገር ግን እሳት ወደ ኋላ ከተመለሰ በመሣሪያው ውስጥ ያለው ድብልቅ ይፈነዳል። የእሽቅድምድም ሰዎች የሚፈነዳውን ኃይል የሚያስተነፍስ ክዳንና መሣሪያውን አጥብቆ የሚይዝ ማሰሪያ የሚጠቀሙት በዚህ ምክንያት ነው።

አራተኛውና በዋጋ ከሁሉ የሚያንሰው የግፊት መለኪያው ነው። በሹፌሩ ፊት ይተከላል፤ በ0.3 ባር ላይም ቀይ መስመር ይሰመርበታል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ሊሠራ የሚገባው ፍሬን ነው። ከጅማ ወደ ቦንጋ የሚሄደው መንገድ ወደ ጎጀብ ወንዝ ወርዶ እንደገና ይወጣል። ሚዛን ተፈሪ በዓመት ወደ 2,000 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ የምታገኝ ስለሆነች፣ ከዋናው መንገድ ወጥቶ ወደ ቡናው የሚገባው የጥርጊያ መንገድ ብዙውን ወር ይጭቀያል። ቀይ ቡና ተለቅሞ በዚያው ቀን መፈልፈያ ካልደረሰ ማሩ መብላላት ይጀምርና የጥራት ደረጃው ይወድቃል፤ ሹፌሩም ይቸኩላል። በዚህ ሁኔታ ጭነትን ጨምሮ 3,000 ኪሎ የሚመዝን ፒክአፕ 500 ሜትር ቁልቁል ሲወርድ የሚለቀው ኃይል፣ ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ሞተሩ በዝቅተኛ ማርሽ የሚይዘው ሲቀነስ የቀረውን የሚሸከሙት የፍሬን ሸራዎች ናቸው። ፍጥነቱ ከ60 ወደ 80 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲጨምር ደግሞ ለማቆም የሚያስፈልገው ኃይል በ78 በመቶ ያድጋል።

የዚያ ዘመን ፒክአፖች ብዙዎቹ በአራቱም እግር ከበሮ ፍሬን ያላቸው ሲሆኑ፣ ቀደም ያሉት የዘይት መስመራቸው አንድ ብቻ ነው። አንድ ጎማማ ቧንቧ ቢፈነዳ አራቱም እግር ያለ ፍሬን ይቀራል። ከዚህም ሌላ ከፍታው ፍሬኑንም ይሰርቃል። ፔዳሉን የሚያግዘው የቫኩም ዕቃ የሚሠራው በውጭው አየርና በሞተሩ ቫኩም ልዩነት ነው፤ አየሩ ሲሳሳ እርዳታው ይቀንሳል፤ አየር ገፊው በግፊት ላይ ሳለ ደግሞ ቫኩሙ ፈጽሞ ይጠፋል። የአንድ አቅጣጫ ቫልቭ በደንብ ካልተገጠመ ሹፌሩ ዳገቱን በኩራት ወጥቶ ቁልቁለቱ ላይ እግሩ ድንጋይ የረገጠ ይመስለዋል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የተባለው ለእንዲህ ያለው ነው። እንግዲህ ባለ ሁለት መስመር ዋና ፖምፓ፣ አዲስ የዘይት ቧንቧ፣ የታደሰ ከበሮና ሸራ፣ እንዲሁም ቫኩም የሚያጠራቅም ዕቃ ሳይሟሉ አየር ገፊ መግጠም የሙያ ሥራ ሊባል አይገባውም።

እዚህ ላይ ተገቢ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ዘመናዊ የናፍጣ ፒክአፕ ከፋብሪካው ቱርቦ ይዞ ስለሚመጣ ከፍታውን ራሱ ያካክሳል፤ ታዲያ በአሮጌ ዕቃ መድከሙ ለምንድን ነው? መልሱ ግማሽ ስምምነት ነው። ገንዘቡ ላለውና ዕለት በዕለት ጭነት ለሚጭን ሰው ፋብሪካ የሠራው ይሻላል። ነገር ግን አዲስ መኪና ለሁሉም የሚደረስበት አይደለም። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ፣ ያሉትን አሮጌዎች በሕይወት የማቆየት ሙያ ከቀድሞው ይልቅ ዋጋ አግኝቷል። ደግሞም አንድን ሞተር በገዛ እጁ ፈትቶ፣ አየሩን ለክቶ፣ ቶርኖ ቤት ሄዶ የመግጠሚያውን ሰሌዳ አስቀርጾ የመለሰ ሰው፣ ነገ የመጣለትን ማንኛውንም ባለ ቱርቦ ሞተር የሚመረምረው በግምት ሳይሆን በዕውቀት ነው።

የሕጉም ነገር መታለፍ የለበትም። የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ ሕግ ተሽከርካሪ እንዲመዘገብና እንዲመረመር ያዛል። መርማሪው ፍሬኑ መያዙን ያያል፤ የተጨመረው ጉልበት ከፍሬኑና ከባሌስትራው አቅም ጋር መመዛዘኑን ግን ሊያውቅ የሚችለው ሠሪው ጽፎ ካቀረበለት ብቻ ነው። ስለዚህ የተገጠመው መሣሪያ፣ የፑሊዎቹ ልክ፣ የተለካው ግፊትና በፍሬኑ ላይ የተደረገው ሥራ በአንድ ወረቀት ተጽፈው ከመኪናው ጋር መቀመጥ አለባቸው። የዲሲ-3 መካኒክ ያለ ፊርማ የጨረሰው ሥራ አልነበረም፤ የፒክአፑ መካኒክም ከዚህ የሚያንስ ክብር ሊሰጠው አይገባም።

ለማኅበሩ አባላት የሚቀረው ሥራም ከዚሁ ይከተላል። የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ በቴፒ ግቢው የምሕንድስና ተማሪዎችን ያስተምራል፤ ከግቢው ውጭ ደግሞ የብየዳና የጥገና ልምዳቸው የረጀ የጋራዥ ሰዎች አሉ። አንዱ መለኪያ አለው፤ ሌላው እጅ አለው። ሁለቱን አገናኝቶ በቴፒ፣ በሚዛን ተፈሪና በቦንጋ ከፍታ ጤነኛ ሞተር ሊያሳይ የሚገባውን የሲሊንደር ግፊት፣ የካርቡራቶር ቀዳዳ ልክና የፍሬን ርቀት በአንድ ሠንጠረዥ አዘጋጅቶ በየጋራዡ ግድግዳ ላይ ማስለጠፍ፣ ከማንኛውም አየር ገፊ ይልቅ ለአገሩ መኪኖች ጉልበት ይጨምራል።

ከፍታው የወሰደውን መመለስ ይቻላል፤ ሙያውም አለ። የተመለሰው ጉልበት ዳገቱን የወጣውን ሰው በሰላም እንዲያወርደው ግን፣ ከመሣሪያው አስቀድሞ ልኩ፣ ከልኩም አስቀድሞ ፍሬኑ ሊገጠም ይገባል።