ስለ ቆሮሶ ዓሣና ስለ አጠማመዱ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን የተደረገ ንግግር)



በዛሬው በዓል እንድናገር ሲፈቀድልኝ፣ ጓደኞቼ ስለ ሥልጣኔ ወይም ስለ ጠፈር ጕዞ እንድናገር መክረውኝ ነበር። እኔ ግን ያደግሁት በጣና ዳር ስለ ሆነ የማውቀውን መረጥሁ። የማውቀውም ዓሣ ነው።

ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የሚገኝ ሐይቅ ነው። ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ጥልቀቱ ግን እጅግ ጥልቅ በሆነው ስፍራ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነው። በውስጡ አምባዛ፣ ነጭ ዓሣና ቆሮሶ ይገኛሉ። ሊቃውንት በሌላ ስፍራ የማይገኙ ከአሥር የሚበልጡ የነጭ ዓሣ ዐይነቶች በጣና ቈጥረዋል። ለዛሬ ግን ቆሮሶ ይበቃናል።

ቆሮሶ ጎኑ ሰፊ፣ መልኩ ጠቆር ያለ፣ በጀርባው ላይ እንደ መርፌ የቆመ እሾህ ያለው ዓሣ ነው። እሾሁን የማያውቅ ሰው አንድ ጊዜ እንደ ልቡ ይጨብጠዋል፤ በሁለተኛው ጊዜ ግን እጁን ከራሱ ወደ ጅራቱ እያንሸራተተ፣ እሾሁን አስተኝቶ መያዝን ይማራል። ምግቡ በአብዛኛው በውሃ ውስጥ የሚገኘው አረንጓዴ ነገር ስለ ሆነ፣ እንደ አምባዛ ሥጋ አይቶ አይሮጥም። አፉም ትንሽ ነው። ስለዚህ መንጠቆው ትንሽ፣ ክሩም ቀጭን ይሁን። በመንጠቆው ላይ ትል ወይም ጠንከር ተደርጎ የተለወሰ ሊጥ ይደረጋል፤ ሊጡ ከቀጠነ ዓሣው ሳይሆን ውሃው ይበላዋል። ደንገል በበቀለበት ጥግ፣ ውሃው ከወገብ በማያልፍበት ስፍራ፣ ፀሐይ ማሞቅ ስትጀምር ክሩን መጣል ነው። በክሩ ላይ የታሰረችው ተንሳፋፊ የደንገል ቍራጭ ስትንቀጠቀጥ ችኩል ሰው ይስባል፤ ባዶ መንጠቆም ያወጣል። ቆሮሶ በመጀመሪያ ይለቅማል እንጂ አይውጥም። ቍራጯ ወደ ጎን ስትሄድ ያን ጊዜ መሳብ ነው። ጥላችሁ በውሃው ላይ ከወደቀ ግን ቀኑን ሙሉ ብትቀመጡ የምታገኙት የፀሐይ ቃጠሎ ብቻ ነው።

ይህን ሁሉ ያስተማረኝ አጎቴ ነው። ደብተሬም የሚገዛው እርሱ በሚሸጠው ዓሣ ነበር። አሥራ ሦስት ዓመት ሲሆነኝ፣ በክረምት መግቢያ፣ ታንኳ ላይ ሆነን መረብ ስናወጣ አንዲት ትልቅ ቆሮሶ ተይዛ አገኘን። ከመረቡ ሳላቅቃት ከስንዴ ቅንጣት የማይበልጡ ግልገሎች ከአፏ በመዳፌ ላይ ፈሰሱ። ልጆቿን የበላች መስሎኝ ጮኽሁ። አጎቴም ሣቀና፣ «አልበላቻቸውም፤ ቤታቸው አፏ ነው» አለኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። ወንዱ በአሸዋው ላይ ክብ ጉድጓድ ያበጃል፤ ሴቷ እንቍላሏን ትጥልና ወዲያው በአፏ ትሰበስበዋለች። ተፈልፍለውም ራሳቸውን እስኪችሉ ድረስ ተሸክማቸው ትዞራለች፤ በነዚያ ቀኖችም ምግብ አትቀምስም ማለት ይቻላል። እኔ ይህን በኋላ በባዮሎጂ መጽሐፍ አነበብሁት። አጎቴ ግን ፊደል አልቈጠረም።

«ጋሼ፣ እንመልሳት?» አልሁት። በዚያ ቀን ከእርሷ ሌላ የያዝነው ሁለት ትንንሽ ዓሣ ብቻ ነበር። ጥቂት ዝም ብሎ፣ «እኔ ብመልሳት የጎረቤቴ መረብ ይይዛታል። ደግሞም የአንተ ደብተር ናት» አለኝ። ይዘናት ሄድን። ግልገሎቹም በታንኳው ወለል ላይ ደረቁ።

ለአጎቴ ነገር እስከ ዛሬ ጥሩ መልስ አላገኘሁም። በጣና ላይ ሞተር ያላቸው ጀልባዎችና የናይለን መረብ የተስፋፉት፣ በአውሮፓ አቈጣጠር ከ1986 ወዲህ ነው። ነጭ ዓሣ በክረምት ሊራባ ወደ ጉማራና ወደ ርብ ሲወጣ በወንዞቹ አፍ መረብ ይጠብቀዋል፤ በዚያው አቈጣጠር ከ1991 እስከ 2001 ባሉት ዓመታትም ቍጥሩ እጅግ መቀነሱን ተመራማሪዎች ጽፈዋል። ቆሮሶም የሚራባው ልጅ እንኳ በሚደርስበት ጥልቀት በሌለው ዳር ነው። ስለዚህ ዓሣ አጥማጅ የሆናችሁ ወላጆቻችንን የምለምነው አንድ ነገር ነው። በክረምት ወራት መረቡን ከዳር አርቃችሁ ጣሉ፤ ዐይኑ የጠበበውንም መረብ ተዉት። አንድ ሰው ብቻውን ቢያደርገው አጎቴ እንዳለው ለጎረቤት መተው ይሆናል፤ የአንድ መንደር ሰዎች ተስማምተው ቢያደርጉት ግን ጎረቤቱም አብሮ ተስማምቷል።

አጎቴ ዛሬ ከወላጆች መካከል በኋለኛው ወንበር ተቀምጧል። ምን እንደሚለኝ ማታ እሰማለሁ።