ለሩቅ ቤት የሚቀበር የኤሌክትሪክ ሽቦ



በእኛ በመተማ ቆላ፣ ከመኖሪያ ቤት 100 ሜትር ለሚርቅ የፓምፕ ቤት ሽቦ ስንገዛ ርካሹና ቀጭኑ ያጓጓናል። ነገር ግን ኤሌክትሪክ ሄዶ ተመላሽ ስለ ሆነ መንገዱ 200 ሜትር ነው። 10 አምፔር ሲያልፍ፣ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነው የመዳብ ሽቦ ከ220 ቮልቱ 14 ያህሉን በመንገድ ያስቀራል፤ 6 ካሬ የሆነው ግን 6 ያህል ብቻ። ሙቀት ሲበረታ ጉድለቱ ይጨምራል። ቮልት ያነሰው ሞተር ጉልበቱ ይደክማል፤ ይግላል፤ ሲብስም ይቃጠላል።

ጥቁሩ ዋልካ መሬታችንም በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጣል። ስለዚህ ለመሬት ውስጥ የተሠራውን ኬብል መርጠን፣ ቦዩን አጥልቀን፣ በአሸዋ መካከል እናስተኛው፤ ማገናኘቱንም ለሠለጠነ ባለሙያ እንተው።

እንግዲህ ርቀቱን ለክተን፣ አስልተን እንግዛ፤ ከሽቦ የቆጠብነው ገንዘብ የሞተር መግዣ ሆኖ እንዳይወጣ።