ከ1ኛ ክፍል መዝገብ እስከ 12ኛ ክፍል ፈተና
ለደቡብ ወሎ የመንደር ትምህርት ቤቶች አስተማሪዎችና ለአገር ሽማግሌዎች የተዘጋጀ ንግግር



የትምህርትን ጥቅም ለእናንተ መንገር ለቀባሪው አረዱት እንዲሉ ይሆናል። ስለዚህ ዛሬ ስለ ጥቅሙ አልናገርም። የምናገረው በደሴና በኮምቦልቻ ዙሪያ ባሉት መንደሮች፣ ከቤተ ክርስቲያንና ከመስጊድ መልስ፣ በዕድርና በገበያ ስለሚነሣው ስለ አንድ ጥያቄ ነው። አባት «12 ዓመት ሙሉ ተምረው ለፈተና ከቀረቡት ከመቶ ሦስቱ ብቻ የሚያልፉ ከሆነ፣ ልጄን ከእርሻ ለይቼ፣ እኽሌን ሸጬ የማስተምረው ስለ ምንድን ነው?» ይላል። ይህ የስንፍና ጥያቄ አይደለም። ድካሙንና ገንዘቡን የሚያወጣ ሰው ስለ ፍሬው መጠየቁ ተገቢ ነውና፣ እውነተኛ መልስ ሊሰጠው ይገባል።

አስቀድመን ቍጥሩን በትክክል እንወቅ። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ሲሰጥ፣ ተማሪዎች ከየትምህርት ቤታቸው ወጥተው በዩኒቨርሲቲዎች ተሰብስበው ተፈተኑ፤ ማለፊያውም ከመቶ 50 ሆነ። በዚያን ጊዜ ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች ያለፉት 29,909 ናቸው፤ ይህም ከመቶ 3.3 ነው። በ2015 ዓ.ም. ከ845,099 ተፈታኞች 27,267 አለፉ፤ ከመቶ 3.2 መሆኑ ነው። በ2016 ዓ.ም. ከ674,823 ተፈታኞች 36,409 አለፉ፤ ከመቶ 5.4 ሆነ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ከ585,882 ተፈታኞች 48,929 አለፉ፤ ከመቶ 8.4 ደረሰ። በ2015 ዓ.ም. ካስፈተኑት 3,106 ትምህርት ቤቶች ውስጥ 1,328ቱ አንድ ተማሪ እንኳ አላሳለፉም።

ይህን የሚያነብ ሰው ከሦስት ወደ ስምንት ከፍ ማለቱን አይቶ ደስ ይለዋል። ደስታውም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከመጀመሪያው ፈተና እስከ መጨረሻው ድረስ ያለፉት ቍጥር በ19,020 ጨምሯልና። ነገር ግን በዚያው ዘመን ለፈተና የተቀመጡት በ310,638 ቀንሰዋል። የ2017 ዓ.ም. አላፊዎች ከ2014ቱ ተፈታኞች ብዛት ጋር ቢነጻጸሩ ከመቶ 5 ተኩል ያህል እንጂ 8.4 ባልሆኑም ነበር። ይህን ሒሳብ ገበሬ በቀላሉ ይረዳዋል። ከማሳው እኩሌታውን ጎርፍ የወሰደበት ሰው፣ በተረፈው ማሳ ላይ ያለውን አዝመራ ብቻ አይቶ «ዘንድሮ እኽሌ አምሯል» ቢል፣ ጎረቤቶቹ የዘራውን ሁሉ ያስታውሱታል። እኛም የተፈተኑትን ብቻ ሳይሆን የጀመሩትን ሁሉ መቍጠር አለብን። በ5ኛ ክፍል ከብት ጥበቃ የቀረው ልጅ፣ በ8ኛ ክፍል የተዳረችው ልጅ፣ በ9ኛ ክፍል ወደ ዐረብ አገር የሄደው ጐረምሳ፣ በማንኛውም መቶኛ ውስጥ አልተቈጠሩም።

እንግዲህ ጉድለቱ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው 12ኛ ክፍል ሳይደርሱ መቅረት ነው፤ ሁለተኛው 12ኛ ክፍል ደርሶ ሳያውቁ መገኘት ነው። ሁለቱም በፈተናው አዳራሽ ውስጥ ሲታዩ እንጂ ሲጀመሩ አንመለከታቸውም። የሚጀመሩት በመንደር ነው። ስለዚህ ነገሩን ሊያቃኑት ከሚችሉት ሰዎች መካከል የመንደር አስተማሪና የመንደር ሽማግሌ ቀዳሚዎች ናቸው። ለዚህ ምክንያቱን በየተራ ልግለጽ።

የመጀመሪያው ንባብ ነው። በ2002 ዓ.ም. በብዙ ክልሎች የተደረገው የንባብ ምርመራ፣ 2ኛ ክፍል የደረሱ ብዙ ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ከተጻፈ ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ እንዳልቻሉ አሳየ። እንዲህ ያለው ልጅ ከክፍል ወደ ክፍል ሲያልፍ፣ ከሰሌዳው ላይ ይገለብጣል፤ የገለበጠውን ግን አያነብም። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ትምህርቱ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። በአማርኛ አንብቦ ፍሬ ነገሩን ማውጣት ያልለመደ ልጅ፣ የፊዚክስንና የታሪክን መጽሐፍ በባዕድ ቋንቋ እንዴት ይረዳዋል? በ12ኛ ክፍል የሚወድቀው ተማሪ ብዙ ጊዜ በ2ኛ ክፍል የወደቀ፣ ነገር ግን ማንም ያልነገረው ልጅ ነው።

ሁለተኛው ከመንደር ትምህርት ቤት ወደ ከተማ የሚደረገው መሻገር ነው። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከብዙ መንደር ሩቅ ስለ ሆነ፣ ልጁ በደሴ ወይም በኮምቦልቻ ወይም በወረዳው ከተማ ከጓደኞቹ ጋር አንዲት ክፍል ይከራያል። ስንቁን በየሳምንቱ ከቤት ይዞ ይመጣል፤ እንጀራው ሲሻግት፣ ዳቦው ሲያልቅ፣ ወደ መንደሩ ይመለሳል። ዐርብ ቀደም ብሎ ይወጣል፤ ሰኞ ዘግይቶ ይገባል። በሳምንት ሁለት ቀን የሚጐድል ተማሪ፣ ከአምስቱ የትምህርት ቀኖች ሁለቱን አጣ ማለት ነው። እንዲህ ሲሆን አራት ዓመት ቢቈይ የተማረው ከሁለት ዓመት ተኩል አይበልጥም።

በዚህ ነገር ወሎ ከሌላ አገር ምሳሌ መበደር አያስፈልገውም። በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዐ በሐይቅ እስጢፋኖስ ሲያስተምሩ፣ ተማሪዎች ከሩቅ አገር እየመጡ በዚያ ተምረዋል። በቦሩ ሜዳ የመምህር አካለ ወልድ ስም እስከ ዛሬ ይነሣል፤ በደሴ ያለውም ትምህርት ቤት በስማቸው ተጠርቷል። በጌታና በጃማ ንጉሥ ደግሞ ደረሶች ከየአገሩ እየመጡ በታላላቅ ሼኾች እግር ሥር ተቀምጠው ቁርኣንና ፊቅህ ቀርተዋል። የቆሎ ተማሪውም ሆነ ደረሳው ከወላጁ ቤት ርቆ ነበር፤ ገንዘብም አልነበረውም። ያጸናው አገሬው ነው። በየደጁ ቁራሽና ቆሎ ይሰጠው ነበር፤ ይህንም የሚሰጠው ሰው ልመናን እንደ ረዳ ሳይሆን ትምህርትን እንደ ረዳ ይቈጥረው ነበር። ዛሬ በከተማ ክፍል ተከራይቶ የሚራበው የ9ኛ ክፍል ተማሪ የእነዚያ ወንድም ነው። እርሱን የሚመግብ ልማድ ግን በብዙ ቦታ ተቋርጧል።

ሦስተኛው የሴቶች ልጆች ነገር ነው። በአማራ ክልል የቤተ ሰብ ሕግ ከ18 ዓመት በፊት ጋብቻ የተከለከለ ነው። ሆኖም ወላጅ ልጁ በከተማ ብቻዋን ስትኖር ክብሯ እንዳይነካ ስለሚፈራ፣ 8ኛ ክፍልን ስትፈጽም መዳርን ይመርጣል። ፍርሀቱ ከንቱ አይደለም፤ መድኀኒቱ ግን ጋብቻ አይደለም። ሦስት አራት ልጃገረዶች ከአንድ መንደር አብረው ቢከራዩ፣ የመንደሩ ተወላጅ የሆነች አንዲት የታመነች ሴትም ብትጠብቃቸው፣ የአባት ስጋት ይቀላል። በትምህርት ቤትም የተለየ መጸዳጃና ውሃ መኖሩ ቀላል ነገር አይምሰላችሁ፤ በየወሩ ጥቂት ቀን የምትቀር ልጅ በዓመት ብዙ ቀን ታጣለችና።

አራተኛው የስደት ነገር ነው። ከወሎ ወደ ዐረብ አገር የሚሄዱትን ወጣቶች የማያውቅ ቤት ጥቂት ነው። የቆርቆሮ ቤት የሠራ ጎረቤት ሲታይ፣ ደብተር የያዘ ልጅ ሞኝ ይመስላል፤ ደላላውም ይህን ዐውቆ ይናገራል። ነገር ግን ከኅዳር 2006 ዓ.ም. ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዐረቢያ ተመልሰዋል፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ባዶ እጃቸውን ገቡ። የመመለሻው ቀን በሌላ ሰው እጅ የሆነ ሀብት እንዲህ ነው። የኮምቦልቻ ፋብሪካዎች፣ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. የተመረቀውም የኢንዱስትሪ ፓርክ፣ ለወጣት ሥራ ይሰጣሉ፤ ይህም መልካም ነው። ሆኖም በ8ኛ ክፍል አቋርጦ የገባው ሠራተኛ በመጀመሪያው ደመወዝ አጠገብ ይቀራል፤ መኪናውን የሚጠግነውና ሠራተኛውን የሚመራው ግን ማንበብና ማስላት የሚያውቀው ነው።

አምስተኛው ጦርነት ነው። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ያዛቸው፤ እስከ ኅዳር መጨረሻም ከተሞቹ በዚያው ጭንቅ ውስጥ ቈዩ። የ12ኛ ክፍል ፈተና በሌላው አገር በዚያው በጥቅምት መጨረሻ ሲጀመር፣ የዚህ አገር ልጆች ተሰደው ነበር፤ የተፈተኑትም በኋላ በሁለተኛ ዙር ነው። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤት ዘግቷል። ይህን ጉድለት አስተማሪ ብቻውን አይሞላውም። ነገር ግን የተዘጋ ትምህርት ቤት ሲከፈት፣ ልጁ በዕድሜው ሳይሆን በዕውቀቱ መጠን እንደ ገና እንዲጀምር ካልተረዳ፣ የጠፉት ወራት እስከ 12ኛ ክፍል ድረስ ይከተሉታል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ለአስተማሪዎች የምለው ይህ ነው። በየዓመቱ መጀመሪያ የ2ኛና የ3ኛ ክፍል ልጆችን አንድ በአንድ አስቀርባችሁ አንዲት አጭር ጽሕፈት አስነብቡ፤ ያላነበበውን ሳታሳፍሩ ጻፉ፤ ከትምህርት በኋላ ጥቂት ጊዜ ስጡት። ይህ መጽሐፍና ሰሌዳ እንጂ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እዚህ ላይ ነው።

ለሽማግሌዎችም እንዲህ እላለሁ። ዕድር የሞተውን ሰው የሚያውቀው በመዝገብ ነው፤ ማን ቀረ፣ ማን መጣ ብሎ ይጠይቃል። ለሕያዋን ልጆችም እንዲህ ያለ መዝገብ ይኑራችሁ። ዘንድሮ 1ኛ ክፍል፣ 7ኛ ክፍልና 9ኛ ክፍል የገቡትን የመንደራችሁን ልጆች ስም ከአስተማሪው ጋር ጻፉ። በየሦስት ወሩ መዝገቡን ገልጣችሁ፣ ስሙ ኖሮ ራሱ የሌለውን ልጅ ወላጅ ጠይቁ። የቀረው በረኀብ ከሆነ ስንቅ ይዋጣለት፤ ከብት በመጠበቅ ከሆነ ተራ ይግቡለት፤ በሠርግ ከሆነ በሽምግልና አስቁሙት፤ በደላላ ከሆነ ደላላውን በአደባባይ ጠይቁት። ባለሥልጣን ሊያየው የማይችለውን ጉድለት እናንተ በስሙና በአባቱ ስም ታውቁታላችሁ።

አሁን ወደ አባትየው ጥያቄ ልመለስ። ከመቶ ሦስት ወይም ስምንት የሚለው ቍጥር የልጁን ዕጣ አይነግረውም፤ ሌሎች ልጆች እስከ ዛሬ እንዴት እንደ ተማሩ ይነግረዋል። በጊዜው ያነበበ፣ ያልቀረ፣ ያልተራበ ልጅ ሌላ ዕድል አለው። ከመቶ 50 ባያመጣም የተማረው አይጠፋም፤ በደሴ የወይዘሮ ስኂን ፖሊቴክኒክ ኮሌጅ እንዳለ፣ የእጅ ሙያ የሚማርበት በር አለው፤ በዚያም በር የሚገባው የሚያነብና የሚያሰላ ነው። ስለዚህ አባትየው ልጁን ከትምህርት ቤት አያውጣ፤ ይልቁንም ነገ ጧት ሄዶ «ልጄ ማንበብ ይችላልን?» ብሎ አስተማሪውን ይጠይቅ። አስተማሪውም እውነቱን ይንገረው።