ቺንጋው



አዘጋጆቹ «ስለ እንጨት ቶርኖ ትንሽ አውራን» ሲሉኝ ሳቅኩ። ከምህንድስናዬ ይልቅ የምታስታውሱት በየበዓሉ የማድላችሁን የዋንዛ ሳህን ነው መሰለኝ። የተሰነጠቁትን ግን አላሳየኋችሁም! እርጥብ ግንድ እምብርቱን ሳላወጣ ቀርጬ፣ በሳምንቱ ለሁለት ሲከፈል ስንቴ አየሁ። አሁን 20 ሳንቲሜትር ስፋት ላለው ሳህን 2 ሳንቲሜትር ውፍረት ትቼለት፣ ወራት አድርቄ ነው የምጨርሰው። ይኼ ቀላሉ ነው፤ የሚከስረው እንጨት ብቻ ነው።

ሌላኛውን ላውራችሁ። ሦስተኛ ዓመት ነበርን። 30 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው፣ አንድ ጎኑ ገና ያልተስተካከለ የዋንዛ ቁራጭ በቪቴ አስሬ ማሽኑ ላይ ሰቀልኩ። የወርክሾፑ ረዳት፣ ሁላችንም «ጋሼ» የምንላቸው፣ «ቺንጋውን አወረድክ?» አሉኝ። «አዎ ጋሼ» አልኩ። ዞር ብዬ እንኳን አላየሁም።

ከእኛ በፊት የገቡት የጠረጴዛ እግር ሲያወጡ ነበር። ቺንጋው በደቂቃ 2000 ዙር ላይ ነው የቆየው። ለቀጭን እግር ደህና ነው። በ30 ሳንቲሜትር እንጨት ላይ ግን ጠርዙ በሰዓት ወደ 113 ኪሎ ሜትር ይሮጣል። እኛ ቶርነኞች ስፋቱን በኢንች ለክተን በዙሩ እናባዛለን፤ ውጤቱ ከ6000 እስከ 9000 መሆን አለበት። የእኔ 24000 ገደማ ነበር። ሒሳቡን ያወቅኩት በኋላ ነው እንጂ፣ ጥያቄው ሒሳብም አልነበረም፤ ክዳኑን ከፍቶ ማየት ብቻ ነበር።

ማብሪያውን ስጫን ማሽኑ ከነእግሩ ተንቀጠቀጠ። እንጨቱ ቪቴውን በጥሶ ወጣ። እኔ በአጋጣሚ ወደ ጎን ቆሜ ነበር፤ ጋሼ ግን ፊት ለፊት እየመጡ ነበር። ቅንድባቸው ላይ ስድስት ቦታ ተሰፉ።

ሲጠየቁ «እኔ ነኝ ያዘጋጀሁለት» አሉ። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈባቸው። እኔ ዝም አልኩ። መመረቂያዬ ቀርቦ ነበር፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ከብዙ ዓመት በኋላ ቤታቸው ሄጄ ነገርኳቸው። «አውቃለሁ። ቺንጋውን ያየሁት ደሜን እየጠረግሁ ነው» አሉኝ። ለምን እንዳላጋለጡኝ ስጠይቃቸው ቡና እንዲፈላ አዘዙ፤ ሌላ ወሬ ጀመርን። ደብዳቤው ግን ፋይላቸው ውስጥ እንዳለ ነው ጡረታ የወጡት።

አሁን ወርክሾፕ የምታስተምሩ መምህራን፣ ልመናዬ ትንሽ ናት። ተማሪውን «አወረድክ?» ብላችሁ አትጠይቁት። አብራችሁት ክዳኑን ክፈቱ፤ እንጨቱን በእጁ አንድ ዙር ያዙረው፤ እንጨቱ ማስደገፊያውን እንዳይነካ ይይ፤ ነጠላና ረጅም እጅጌ ከማሽኑ ይራቅ።

አራት የፊት መከላከያ ይዤ መጥቻለሁ። መኪናዬ ውስጥ ናቸው፤ ከምሳ በኋላ የወርክሾፑ ኃላፊ ይረከቡኝ።