የማይታየው ብረት፦ የመኪናን ድብቅ ክፍተቶች በቤት ውስጥ ከዝገት ለመከላከል የመሣሪያ ምርጫ



ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ ቀጭን ቱቦና ስለ ጫፉ ነው።

የመኪና አካል የተሠራው ታጥፎ እርስ በርሱ ከተበየደ ስስ ላሜራ ነው። በበሮቹ ሥር ከፊት ወደ ኋላ የሚያልፈው ሣጥን መሰል ምሰሶ፣ የበሮቹ የታችኛው ጠርዝ፣ የሻንሲው ውስጥ፣ ሁሉም ባዶ ናቸው። ጭቃና ውሃ ይገባባቸዋል፤ ብሩሽ ግን አይደርስባቸውም። ዝገቱ ከውስጥ ወደ ውጭ ስለሚበላ፣ ቀለሙ አብጦ ስናይ ብረቱ አስቀድሞ ሳስቷል። በግጭት ጊዜ ተሳፋሪውን የሚጠብቀው ይኸው ብረት ነው። ከአፍዴራ ጨው ለሚጭን መኪና ነገሩ ይብሳል፤ ጨው እርጥበት ይስባል፣ ዝገቱንም ያፋጥናል።

ሥራውን በቤቱ ሊሠራ የሚነሣ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጠይቀው ስለ ኮምፕሬሰሩ ትልቅነት ነው። በእኔ አመለካከት ጥያቄው ቦታውን ስቷል። እስቲ እናስላ። ባለ 24 ሊትር ኮምፕሬሰር ከ8 ባር ወደ 4 ባር እስኪወርድ፣ በባሕር ወለል ግፊት ሲለካ 96 ሊትር ያህል አየር ይሰጣል። የሚረጨው ሽጉጥ በደቂቃ 200 ሊትር ቢፈልግ፣ ሞተሩ የሚጨምረውን ሳንቆጥር ግማሽ ደቂቃ ገደማ አለን። አንድን ክፍተት መርጨት የጥቂት ሰኮንዶች ሥራ ነው፤ ወደሚቀጥለው ቀዳዳ እስክንሻገር ጋኑ መልሶ ይሞላል። አዲስ አበባ ላይ አየሩ ከባሕር ወለሉ በሩብ ገደማ ስለሚሳሳ አሞላሉ ይዘገያል፤ መታገሥ ነው።

ገንዘቡ መዋል ያለበት በቱቦው ላይ ነው። አንድ ሜትር ገደማ የሚረዝም፣ የሚተጣጠፍ፣ ጫፉ ዙሪያውን በ360 ዲግሪ የሚረጭ ይሁን። ወደ ፊት ብቻ የሚረጭ ኖዝል ፊት ለፊት ያለውን ግድግዳ አጥግቦ ጎኖቹን ደረቅ ይተዋል። ቱቦው እስከ መጨረሻው ይገባና እየተረጨ በዝግታ ይሳባል። ከጫፉ አንድ ስንዝር ላይ ባለቀለም ፕላስተር ጠቅልሉ፤ ያ ምልክት ብቅ ሲል ጣታችሁን ከምላጩ ላይ አንሡ፤ አለዚያ ሰሙ ፊታችሁ ላይ ነው። ኖዝሉን ለመፈተን በተለምዶ ሃይላንድ የምንላቸውን የፕላስቲክ ጠርሙሶች ቆርጣችሁ አቀጣጥሉና በውስጣቸው ርጩ፤ ያልተነካው ቦታ በግልጽ ይታያል። ሁለት በር ብቻ ለሚሠራ ሰው ግን ረጅም ቱቦ ያለው የታሸገ ስፕሬይ ይበቃዋል።

የሚረጨውን በተመለከተ፣ ለክፍተት የተዘጋጀ ሰም እመርጣለሁ። በየጋራዡ የሚቀባው የተቃጠለ ዘይት ላስቲክ ያበላሻል፣ ተንጠባጥቦም አፈር ይበክላል። ሰሙ ከወፈረ ቆርቆሮውን ለብ ባለ ውሃ ውስጥ አቁሙት፤ እሳት አታስጠጉ፣ ትነቱ ይቀጣጠላልና። ክፍት ቦታ ላይ፣ ጭንብል አድርጋችሁ ሥሩ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ስልክ ላይ የምትሰካ ቀጭን ካሜራ ግዙ። ውስጡ ጭቃ ካለ መታጠብና በሚገባ መድረቅ አለበት፤ ስለዚህ ከኅዳር እስከ ጥር ያለውን ደረቅ ወራት እመክራለሁ። ረጭታችሁ ስትጨርሱ የውሃ ማፍሰሻ ቀዳዳዎቹን በሽቦ ክፈቱ፤ ሰም ከደፈናቸው በሩ ውስጥ ውሃ ይጠራቀማል።

አሁን ሁለቱን ኖዝሎች እዚህ ጠረጴዛ ላይ አስረጫቸዋለሁ፤ ከኋላ ያላችሁ ቀረብ በሉ።